አብሮ ማጥናት፣ ለየራስ መፈተን



ዛሬ በጊቤ ወረዳ፣ ሆመቾ ላይ የምንመርቃችሁ መምህራን፣ ጠመኔ ትናንት የጨበጣችሁ ጀማሪዎች አይደላችሁም። ካስተማራችኋቸው ልጆች መምህር የሆኑ አሉ። ስለዚህ «የትብብር ትምህርት» ሲባል በልባችሁ የሚመላለሰው ጥያቄ ይገባኛል፦ ያው አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት አይደለም ወይ?

አይደለም። ያኔ ቡድን ተደራጀ፣ የስም ዝርዝር ተለጠፈ፣ ሪፖርት ተላከ። በብዙ ክፍል ግን ጎበዙ ብቻውን ሠራ፣ የቀሩት ስማቸውን አስጻፉ፣ ማርኩም ለሁሉም እኩል ተሰጠ። ጎበዙ ተማረረ፤ ደካማው ባለበት ቀረ። ጥርጣሬያችሁ ከዚያ የመጣ ነውና ተገቢ ነው።

የትብብር ትምህርት ማንም ያለ ጓደኛው ሥራውን እንዳይጨርስ፣ ማንም ደግሞ ከጓደኛው ጀርባ እንዳይደበቅ አድርጎ ነው የሚዘጋጀው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አልስማማ ሲሉ፣ ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዱን ክፍል ብቻ ሰጠ። ሙሉውን ለማወቅ የናቁትን ልጅ ማዳመጥ ግድ ሆነ።

እኛ በእንሰት እንሞክረው። በእያንዳንዱ ቡድን አንዷ አተካከሉን፣ ሌላው ፍቀቱንና የቆጮውን አቀባበር፣ ሦስተኛዋ የቃጫውን ጥቅም፣ አራተኛው የአጠውልግ በሽታን ይያዝ። ተመሳሳይ ርእስ የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው ይመካከራሉ፤ ተመልሰውም ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ። ፈተናው ግን ለየራስ ነው። ቢላዋ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል እንደሚያዛምት ከእናቷ የሰማች፣ በክፍል ውስጥ ግን ተናግራ የማታውቅ ልጅ አለች። እሷን የምታውቋት እናንተ ናችሁ። የትኛው ርእስ ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጥ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ የዓመታት ልምዳችሁ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆቻችን በሀዲይሳ እንዲማሩ በር ከፍቷል። ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን ስንቱ ልጅ አፉ ይያዛል! በቡድኑ ውስጥ በሀዲይሳ ይከራከር፣ በሀዲይሳ ይረዳ፤ መልሱን ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ያቅርብ። ይህን ፍቀዱለት።

ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ መሆኑን አልክድም። ዴስክ ማንሳት ግን አያስፈልግም፤ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ከዞረ ቡድን ሆነ።

ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍሉ ሲንጫጫ ሥርዓት ጠፋ አትበሉ። በመምህራኑ ላይ የሚሞላ ፎርም ከምትጨምሩባቸው ለዝግጅት ጊዜ ስጧቸው። እናንተም መምህራን፣ ትምህርት ቤት እንደተመለሳችሁ አንድ ርእስ ምረጡና ጀምሩ፤ ከመካከላችሁም አንድ ባልደረባ ክፍላችሁ ገብቶ እንዲያይ ጋብዙ።