ሰማዩ ሳይነጋበት

ውድ ተመራቂዎች፤

ለመመረቂያ ሥራችሁ የከተማችሁን የሌሊት ሰማይ ድምቀት ለመለካት እንደመረጣችሁ ስሰማ እዚህ እንድናገር የቀረበልኝን ጥሪ ለመቀበል አላመነታሁም። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መምረጥ፣ ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል መታገሥ፣ ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም ከተዘጋጁት የኮከብ ካርታዎች ሰማዩን የሚመስለው የትኛው እንደሆነ ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር መመዝገብ። የአንዱ ሞባይል ብልጭ ካለ ትዕግሥቱ እንደገና ይጀመራል።

«ግሎብ አት ናይት» የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተራውን ሰው የሚያስለካው በዚሁ መንገድ ነው። በ2023 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ2011 እስከ 2022 የተሰበሰቡ ከ51 ሺህ በላይ ምልከታዎችን መርምሮ፣ ሰማዩ በአማካይ በየዓመቱ 9.6 በመቶ እየደመቀ መሄዱን አሳየ። በዚህ ፍጥነት 250 ኮከብ በሚታይበት ሰፈር የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው የሚያየው 100 ያህሉን ብቻ ነው። ሳተላይቶች ይህን ሁሉ አላዩትም፤ ሰማያዊው የኤልኢዲ ብርሃን ያመልጣቸዋል፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ጎን የሚወጣውንም በሚገባ አይይዙትም። ያየው የሰው ዐይን ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚያ ምልከታዎች አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው፤ ስለ አፍሪካ ለብቻው ለመናገር የሚበቃ መረጃ አልነበረም። እኛ ደግሞ ከተሞቻችንን ገና እያበራን ነው። የአዲስ አበባን የኮሪደር ልማት መንገዶች በምሽት ያየ ያውቀዋል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለችው ከተማ በደመቀች ቁጥር ደብዛዛው ኮከብ ይጠፋባቸዋል።

መብራትን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ከምሽት ፈረቃ ወደ ቤቷ የምትመለስ እህታችን የበራ መንገድ ይገባታል። ወደ ሰማይ የተቀሰረ ፓውዛ ግን ለእርምጃዋ አንዳች አይረባትም፤ ብርሃኑ በአየሩ፣ በአቧራውና በእርጥበቱ ተበትኖ ከዋክብቱን ይሸፍናል፣ ሂሳቡንም እኛው እንከፍላለን። አምፖሉን ከላይ መከለል፣ ወደ መሬት ማዞር፣ ከነጩ ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላውን መምረጥ፣ መንገዱ ጭር ሲል መቀነስ ይቻላል። አሪዞና ውስጥ ያለችው ፍላግስታፍ ወደ ሰማይ የሚወረወሩ የማስታወቂያ መብራቶችን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ዛሬም የበራ መንገድም የሰማይ መመልከቻ ጣቢያም አላት።

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ ለማስተማር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ጅማ ትሄዱ ይሆናል። መብራቱ ከመብዛቱ በፊት ያልተለካ ሰማይ ምን ያህል እንደተወሰደበት በኋላ ማስረዳት አይቻልም። ኦሪዮን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በምሽት ከፍ ብሎ ይታያል። በመጀመሪያው ዓመታችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ለኩ፤ በየዓመቱም ከዚያው ቦታ ድገሙት። ውጤቱን ለዘመቻው ላኩ፤ አንዱን ቅጂ ግን ማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ መብራት ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ለመሐንዲሱ በእጁ ስጡት።