ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ስለ ማጠብ

ውሃ ካልሞቀ እድፍ አይለቅም የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለዘወትር ልብስ ያልሞቀ የጣና ውሃ ከሳሙና ወይም ከእንዶድ ጋር ይበቃል። ደም የነካው ልብስማ ጭራሽ ሙቅ ውሃ አይወድም፤ ደሙ ይረጋና ክሩ ላይ ይጣበቃል። የጥለት ቀለምም በሙቅ ውሃ ቶሎ ይለቃል። ማገዶውም ለወጥ ይተርፋል። ቅማል ያለበት ልብስ ብቻ ይቀቀል፤ ቅማል ተስቦ ያመጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃም አይገድለውም።

ዋናው ጉዳይ ግን የት ነው የምናጥበው ነው። በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር አካባቢም ጭምር፣ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ይወጣል፤ በዓይን አይታይም። ውሃ ውስጥ ቆመው ሲያጥቡ ቆዳ በስቶ ይገባል። አጠገብ የሚንቦጫረቁ ልጆችም ይያዛሉ። ሆድ ያሳምማል፣ ደም ያስቀምጣል፣ ከቆየም ጉበት ይጎዳል። ታዲያ ውሃውን ቀድታችሁ በእንስራ ሁለት ቀን አሳድሩት፤ ትሉ ሰው ካላገኘ ይሞታል። ከዚያ ሣር ላይ በገበቴ እጠቡ።

እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ያዩት ለዚህ ነው። ዓሣም ግን ይገድላል። ስለዚህ የእንዶዱን እጣቢ ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ ድፉት።