የታሰረ ትከሻ



ነጠላውን በትከሻው ላይ መጣል፥ እጁን ወደ ጀርባው መመለስ የተሳነው ሰው ብዙ ነው። የቦስተኑ ሐኪም ኤርነስት ኮድማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ይህን ደዌ በረዶ እንደ ያዘው ትከሻ ቈጥሮ ሰየመው። መገጣጠሚያውን እንደ ከረጢት የሚሸፍነው ሥጋ ተቈጥቶ ይወፍራል፥ ይኮማተራል፤ ክንዱም መዞሪያ ያጣል። ይልቁንም የስኳር በሽታ ያለባቸው ይበልጥ ይጠቁበታል።

ደዌው በአብዛኛው ሰው ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ነገር ግን እንቅልፍ ላጣ ሕመምተኛ «ሦስት ዓመት ታገሥ» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል።

ስለዚህ ሐኪሞች ወይ ሕመምተኛውን በማደንዘዣ አስተኝተው ክንዱን በጥንቃቄ እያነሡ የተኮማተረውን ያላቅቃሉ፤ ወይም በትንሽ ቀዳዳ መመልከቻ መሣሪያ አግብተው የጠበቀውን ከረጢት ይቈርጣሉ። በብሪታንያ 503 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2020 የታተመው ጥናት ሁለቱን ከመርፌና ከሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ጋር አመዛዘነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጎልቶ የበለጠ አልተገኘም፤ ከባዱ ጉዳት ጥቂት ቢሆንም በቢላዋው በኩል አመዘነ።

ቀዶ ሕክምናን የመረጠም ቢሆን ሐኪሙ እንዳዘዘው ክንዱን ሳይዘገይ ማለማመድ አለበት፤ አለዚያ ትከሻው እንደገና ሊታሰር ይችላል።