ገና ያልተወለደ ልጅ፣ ስሙ ስንት ኬላ ያልፋል?

(ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የንባብ ክበብ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ በንግግር የቀረበ)



የተጋበዝኩት ስለ አገራችን ስሞች እንድናገር ነው። አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ያጠና ሰው ፈልጉ፤ እኔ እዚህም እዚያም ጽፌ የምኖር የጋዜጣ ሰው ነኝ» ብያቸው ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሁለት ወር ወዲህ ቤታችን የስም ገበያ ሆኗል። ባለሙያ ባልሆን እንኳ ባለጉዳይ ነኝና እሺ አልኩ።

መቼም የኛ ሰው ስም ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው። ግስ አለው፣ ባለቤት አለው፣ አንዳንዴም የሚሰደብ ሰው አለው። ጎረቤቱ የናቀው አባት ልጁን «ይበልጣል» ይለዋል። ዘመዱ ድንበር የገፋበት «ማንያዘዋል» ብሎ ያወጣና ማታ ማታ ከብት ሲገባ በጓሮ በኩል ጮክ ብሎ ይጠራዋል፤ ያ ዘመድ ሰምቶ እንዲያርረው! «ይታገሱ» የተባለ ልጅ ካለ፣ ታገሡ የተባለው ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ግን ምንም ሳያውቅ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ የአባቱን ሙግት በስም መጥሪያ ላይ ተሸክሞ ይኖራል።

ሐዘንም በስም ይጻፋል። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ ለሚወለደው «ምትኩ»፣ «ማስረሻ»፣ «ካሳሁን» እያለ ያወጣል። ምኞትም እንደዚሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ካሳ የሚለውን ስማቸውን ትተው ቴዎድሮስ የተባሉት፣ እንደዚያ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ተብሎ ሲጠበቅ ስለኖረ ነው። ለልጃቸው ደግሞ ዓለማየሁ የሚል ስም ወጣለት። ደስታን፣ ድሎትን አየሁ ማለት ነው። መቅደላ ስትወድቅ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስልን ተብሎ ቢጠየቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አይሆንም አለ። ምን ያለ ዓለም አየ እናንተዬ!

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በደርግ ጊዜ «አብዮት»፣ «ህብረት»፣ «ታጠቅ» የሚባል ልጅ ያልነበረበት ክፍል አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. የተወለደች «ሚሊኒየም» የምትባል ልጅ እኔው ሰፈር አለች። ይህን እለፉት።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ። የወለጋ ሰው ናቸው። ሲወለዱ እናታቸው ገመቹ አሏቸው። አንደኛ ክፍል ሊመዘገቡ ሲሄዱ አስተማሪው መዝገቡን ገልጦ «ገመቹ ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። «ደስታ ማለት ነው» አሉት። አስተማሪውም «በል እንግዲያው ደስታ ነህ» ብሎ ጻፈ። እስከ ዛሬ በጡረታ ደብተራቸው ላይ ደስታ ናቸው። ባለቤቴም የደስታ ልጅ ናት።

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲለወጥ ይታየኛል። ይለወጥ! ቶለሳ ተብሎ ከቤቱ የወጣ ልጅ ተስፋዬ ሆኖ የተመለሰበት ዘመን ነበር። ይህን የሚናገር ሁሉ የአገር ጠላት አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ቀን፣ ለጨዋታ ያህል፣ «አባባ፣ አስተማሪው እኮ ትርጉሙን አላበላሸም» ብላቸው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ትርጉሙንማ ምን ያደርግበታል? የወሰደብኝ እናቴ የጠራችኝን ነው» አሉኝ። አሁን የሚወለደው ወንድ ከሆነ ገመቹ ይባልልኝ ይላሉ። ሌላ ነገር ጠይቀውን አያውቁም።

የሳቸው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አንድ ሌሊት ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ደስታ በኦሮምኛ ገመቹ ነው። በትግርኛ ሐጎስ ነው። ከዐረብኛ የመጣው ሱሩርም ያው ደስታ ነው። አራት አባቶች፣ አራት ቤት፣ አራቱም ልጅ ተወልዶላቸው ደስ ብሏቸው ያንኑ አንድ ቃል ተናገሩ። ቀጠልኩ፤ ጫላ ማለት ይበልጣል ማለት ነው። ኦብሳ ትዕግሥት ነው። ወለጋ ያለውም ሰው ጎረቤቱን በልጁ ስም ይሰድባል ማለት ነው (ጎጃም ብቻ አይደለም፣ አትፍሩ)። ጠዋት ይህን ለባለቤቴ በደስታ አነበብኩላት። እያፈላች የነበረውን ሻይ ሳታወርድ፣ «ኬላ ላይ የቆመው ልጅ መዝገበ ቃላት አልያዘም» አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ልናገር ነው። ሐጎስ፣ ገመቹ፣ ደስታ፣ ሱሩር በወላጅ አፍ አንድ ነበሩ። መሣሪያ በያዘ ሰው ዓይን ግን አራት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እዚህ አዲስ አበባ የትግራይ ተወላጆች እየታፈሱ ሲታሰሩ፣ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በመግለጫ ተናግሯል። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ያኔ ሦስት ሳምንት ታሰረች። ከአባቷ ስም በቀር የቀረበባት ክስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ምዕራብ ወለጋ ቶሌ ቀበሌ ውስጥ ሰዎች በአማራነታቸው በጅምላ ተገደሉ። የኔን ስም የሰማ ከየት እንደመጣሁ ይገምታል። አማቴን ለመጠየቅ መንገድ በጀመርኩ ቁጥር ባለቤቴ እስክደርስ ስልኳን ከጇ አታወርድም።

እንግዲህ እሷ የመረጠችው ናታን ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቆንጆ ነው፤ ከየት እንደሆነ አይናገርም። «ልጄ ገመቹም ቢባል የሚጠላው አለ፣ ካሳሁንም ቢባል የሚጠላው አለ። ናታን ይባልና ይግባልኝ» ትላለች። ይህን የምትል እናት ፊት ቆሞ ስለ ባህል ንግግር የሚያደርግ ሰው ካለ ይምጣና ይሞክር። እኔ አልቻልኩም።

ካሳሁን ያለችው ስለ እናቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ባድመ ቀረ። እናቴ እንዲህ ካለ ጊዜ ጀምሮ የምትጠብቀው ካሳዋን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን ስም አልፈልገውም። ገና ሳይወለድ የሞተ ሰው ዕዳ በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን ይከብደኛል። ባድመን ያዘዘው ሌላ፣ የሚክሰው የኔ ልጅ! ለእናቴ ግን ይህን ብዬ አልነግራትም።

የናታንም ነገር ቢሆን ሕጉ አያወላዳም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ይላል፤ በተግባር ግን ማንም አልተከተለውም። እኛ የልጅ፣ የአባት፣ የአያት ብለን ነው የምንጻፈው። በቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ፤ ፋይዳ ላይ የለም። ጥሩ ነው፣ ይመስገን። ስሙ ግን ሦስት እርከን ሆኖ ቁልጭ ብሎ አለ። ልጃችንን ናታን ብንለው ከናታን ቀጥሎ እኔ አለሁ፣ ከኔ ቀጥሎ አባቴ አለ። መሣሪያ የያዘው ሰው አንደኛውን ቃል ዘሎ ሁለተኛውን ያነባል። ይህን ስነግራት ባለቤቴ ብዙ ዝም ብላ፣ «እንግዲያው ለልጅ ልጄ ይጠቅማል» አለችኝ። አሳቢነቷን ልብ በሉ፤ ከአሁኑ ሁለት ትውልድ አሻግራ ነው የምትደብቀው።

ስም እየጣሉ መሻገር ለኛ አዲስ አይደለም። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ስንት የክርስቲያን ልጆች በፓስፖርታቸው ላይ የእስላም ስም እያስጻፉ ሄደዋል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች እዚያ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ አድገው የቀድሞውን የመለሱ አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦነሲሞስ ነሲብ ሲወለዱ ሂካ ነበሩ። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥተው፣ ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ። ሂካ ተርጓሚ ማለት ነው ይባላል። ስሙን ቢወስዱባቸው ሥራውን ሠርተው ሄዱ። ለአማቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ «እኔስ ደስታዬን ሠርቼ ልሂድ እንዴ?» አሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ሁሉ ስም የማግኘት መብት አለው ይላል። ስሙን ይዞ የትም የመሄድ መብት እንዳለው በሌላ አንቀጽ ተጽፏል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ይህን ወረቀት የሚያስከብረው መንግሥት ግን የመንገዱን ደኅንነት ለሾፌርና ለጸሎት ትቶ፣ በየስብሰባው ስለ አብሮ መኖር ይነግረናል። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ኬላ ከሆነ፣ የፖለቲካው ውጤት ሌላ ምርጫ ቦርድ አያስፈልገውም።

እኔ የምለውን ብትጠይቁኝ ገመቹ እላለሁ። ገመቹ ቀጥሎ የኔ የጎጃም ስም፤ እንደዚያ ይጻፍ፣ ሁለቱንም ያነብቡት። ይህን ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ ልጁን አርግዣለሁ ወይ? ባለቤቴ ገና እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሁለት ወር ከ90 ቀን አለን።

አዘጋጆቹ በር ላይ ለልጁ የስም ጥቆማ እንድትጽፉ ወረቀት ሲያድሉ ነበር። ከመውጣቴ በፊት ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው። ናታን ያላችሁ ስድስት ናችሁ። ናትናኤል፣ ሄኖክ፣ ኤልዳና፣ ሶልያና... አሥራ ዘጠኝ። ቅን ልብ ያለው አንድ ሰው «ሰላም» ብሏል፤ አምስት ወረቀት ባዶውን ተመልሷል። ይበልጣል ያለ የለም። ጫላ ያለ የለም። ሐጎስ ያለም የለም።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።