ከጥጥ ማሳ የወጣ ድምፅ
ስለ ጆኒ ካሽ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ከድልድይና ከኮንክሪት ወጣ ብዬ ስለ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ስናገር ከሙያችን እጅግ የራቅሁ እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ። ጆኒ ካሽ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ስሙን የተከለ የገበሬ ልጅ ነው። ከብዙዎቹ ዘፋኞች የሚለየው ድምፅ ከችሎታ ብዛት የመጣ ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን በእጅጉ ከጐደለው ነገር የተሠራ ነው እላለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካሽ በ1932 በአርካንሳ ተወለደ። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ዳይስ ወደምትባል የሠፈራ መንደር ሄደ። ይህች መንደር በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1934፣ መንግሥት ለተቸገሩ ገበሬዎች በረግረግ ላይ የቈረቈራት ናት። ደኑ ተመነጠረ፤ ውሃው በቦይ ተፋሰሰ፤ ለካሽ ቤተሰብም 20 ኤከር፣ ይኸውም 8 ሄክታር ያህል መሬት፣ ከባለ አምስት ክፍል ቤትና ከበቅሎ ጋር ደረሰው። እርሻው ጥጥ ነበር፤ ልጁም ገና በሕፃንነቱ ማሳ ወረደ። በጥር 1937 ጐርፍ መጥቶ ቤተሰቡን አፈናቀለ። ካሽ በ1959 ይህን ጐርፍ ዘፈን ሲያደርገው፣ ውሃው በየስንኙ አንድ አንድ ጫማ ከፍ እያለ ይሄዳል። የወንዝ ከፍታ መለኪያ በዜማ ሲነበብ የሰማሁት በዚህ ዘፈን ብቻ ነው።

ኀዘኑንም አልሳትም። በ1944 ታላቅ ወንድሙ ጃክ ለጥቂት ገንዘብ የአጥር እንጨት ሲቈርጥ ክብ መጋዝ ጐዳው፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። ካሽ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

በአየር ኀይል ወታደርነት ወደ ጀርመን ተልኮ የሶቪየትን የሞርስ ምልክት ሲያዳምጥ ኖረ፤ የመጀመሪያ ጊታሩንም እዚያው ገዛ። በ1954 ተመልሶ ሜምፊስ ከተማ ገባና ቤት ለቤት እየዞረ የቤት ዕቃ ይሸጥ ጀመር። ደካማ ሻጭ ነበር ይባላል።

የኔ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካሽ ያገኛቸው ጓደኞች ሉተር ፐርኪንስና ማርሻል ግራንት የመኪና መካኒኮች ነበሩ። ግራንት ትልቁን ቤዝ መጫወት ገና ይለማመድ ነበር። ፐርኪንስም ፈጣን ዜማ የሚያወጣ ጣት አልነበረውም፤ ስለዚህ በመዳፉ አውታሮቹን እያፈነ አንድ በአንድ ይመታቸዋል። ክራር መቺም በግራ ጣቶቹ የማይፈልጋቸውን አውታሮች ያፍናል፤ የፐርኪንስ ግን የሚፈለገውን ድምፅ ራሱን ያሳጥረው ነበር። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። ካሽ ወረቀት አጥፎ በጊታሩ አውታሮች መካከል ሰካ፤ አውታሩ በተመታ ቍጥር ወረቀቱ እየተንኰሻኰሸ የከበሮን ቦታ ያዘ። ባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ምት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

የሰን ስቱዲዮ ባለቤት ሳም ፊሊፕስም የራሱን ጨመረበት። አምፔክስ የተባሉ ሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ነበሩት። ቴፑ ከመቅረጫው ራስ እስከ ማሰሚያው ራስ ያለችውን ጥቂት ርቀት እስኪጓዝ ድረስ ድምፁ ከሴኰንድ ባነሰ ጊዜ ይዘገያል፤ ከዋናው ጋር ሲቀላቀልም ጠባቡ ክፍል ሰፊ ይመስላል። በ1955 የመጀመሪያው ሸክላ ወጣ፤ በ1956 «አይ ዎክ ዘ ላይን» የተሰኘው ዘፈን በአሜሪካ ሁሉ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ካሽ ገንዘብ አገኘ፤ የፈለገውን ሙዚቀኛ ሊቀጥር ይችል ነበር። በ1960 ከበሮ መቺ ጨመረ እንጂ ፐርኪንስን አልተካውም። በፎልሰም ወህኒ ቤት በጥር 1968 በተቀረጸው ዝነኛ ዝግጅት ላይም አብሮት ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሞተ። በበኩሌ ከዘፈኖቹ ሁሉ ይበልጥ የማከብረው ይህን ውሳኔ ነው። የመድረኩ ኑሮ ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገው ማለቂያ የሌለው ጕዞ ለአነቃቂ ክኒን ሱስ ዳረገው፤ ለብዙ ዓመታትም አልለቀቀውም። በ2003 አረፈ።

የዳይሱ ቤት ታድሶ በ2014 ለጐብኚዎች ተከፈተ። ቤቱ የቆመው እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ላይ ነው፤ እኛ ዋልካ የምንለው ዓይነት። ስለዚህ አዳሾቹ ቤቱን ከቦታው አንሥተው መሠረቱን እንደገና አበጁት።