በሰው ጉልበት መብረር፤ የሚቻለውና የማይቻለው



ሰው እንደ ወፍ ለመብረር ሲመኝ ብዙ ዘመን ኖሯል። በክንዳቸው ላይ ክንፍ አስረው ከማማ የዘለሉት ብዙዎች ግን ወድቀዋል። የወደቁትም ድፍረት አንሷቸው ሳይሆን ሒሳቡ አልገጥም ብሏቸው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ሒሳብ መመርመርና፣ በአነስተኛ ወርክሾፕ በተሠራ አውሮፕላን ሰው በገዛ ጉልበቱ ሊበር ይችል እንደሆነ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የሚመረመረው የሞተሩ ዐቅም ነው፤ ሞተሩም ሰው ነው። የሠለጠነ ብስክሌተኛ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ወደ 300 ዋት ሲሆን፣ ስፖርት ያላዘወተረ ጤነኛ ሰው የዚህን ግማሽ መስጠቱም ያጠራጥራል። አውሮፕላኑና አብራሪው በአንድነት 100 ኪሎግራም ቢመዝኑ፣ የክንፉም የማንሳት ኃይል የአየሩን ተቃውሞ 20 እጥፍ ቢሆን፣ በሴኮንድ 10 ሜትር ለመጓዝ 490 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 5 ሜትር ዝቅ ሲል ግን 245 ዋት ይበቃል፤ በካቴናውና በፕሮፔለሩ የሚባክነው ሲታከልበትም ወደ 300 ዋት ይደርሳል። እንግዲህ በሰው ጉልበት መብረር የሚቻለው ቀስ ብሎ ለሚበር ብቻ ነው ማለት ነው። ቀስ ብሎ ለመብረር ደግሞ እጅግ ሰፊ፣ ሆኖም እጅግ ቀላል የሆነ ክንፍ የግድ ይሆናል።

በ1959 ሄንሪ ክሬመር የተባሉት የኢንዱስትሪ ባለቤት፣ ግማሽ ማይል በተራራቁ ሁለት ምሰሶዎች ዙሪያ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ተከትሎ በጉልበቱ ለሚበር ሰው 5,000 ፓውንድ ሽልማት አቆሙ። በኅዳር 1961 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት አውሮፕላን ከመሬት ተነሣ። በተከታዩ ዓመት «ፓፊን» የተባለው 908 ሜትር በረረ። ይሁን እንጂ እነዚህ በብዙ ጥንቃቄ የተሠሩ አውሮፕላኖች ቀጥ ብለው ከመሄድ አልፈው እንደሚፈለገው መዞር አልቻሉም፤ ሲሰበሩም ጥገናቸው ረዥም ጊዜ ይወስድ ነበር። ሽልማቱ በ1973 ወደ 50,000 ፓውንድ ቢያድግም የሚወስደው አልተገኘም።

አሜሪካዊው ፖል ማክሬዲ ወደዚህ ሥራ የገቡት ዕዳ አስጨንቋቸው ነበር። ለዘመዳቸው የብድር ዋስ ሆነው ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ወድቆባቸው ሳለ፣ የሽልማቱ ገንዘብ ከዕዳቸው ጋር እንደሚቀራረብ አስተዋሉ። የሠሩት «ጎሳመር ኮንዶር» ክንፉ 29 ሜትር ያህል ሲረዝም ክብደቱ 32 ኪሎግራም ብቻ ነበር። ዕቃውም የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ የፒያኖ ሽቦና ስስ ፕላስቲክ ነው። የብልሃቱ ምሥጢር ግን በዕቃው ብቻ አልነበረም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ ስለሚበር ሲወድቅ አብራሪውን እምብዛም አይጎዳም፤ የተሰበረውም በአጭር ጊዜ ተጠግኖ እንደገና ይሞከራል። ሌሎች አንድ ጊዜ በሚሞክሩበት ጊዜ ውስጥ እርሳቸው ደጋግመው ሞከሩ፤ ከየውድቀቱም ተማሩ። ነሐሴ 23 ቀን 1977 ብስክሌተኛው ብራያን አለን በካሊፎርኒያ ሻፍተር የተባለውን መንገድ ፈጸመ። ሽልማቱ ከቆመ 18 ዓመት ሆኖት ነበር።

ይኸው አብራሪ ሰኔ 12 ቀን 1979 በ«ጎሳመር አልባትሮስ» ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን ሲሻገር፣ ንፋስ ከፊቱ ተነሣበት፤ የያዘው ውኃ አለቀ፤ ጡንቻውም ተሸማቀቀ። ጉዞውን ሊያቋርጥ ከወሰነ በኋላ በጀልባው ለመጎተት ከፍ ሲል የተሻለ አየር አገኘና ጉዞውን ቀጠለ። 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ከበረረም በኋላ ከፈረንሳይ ጠረፍ ደረሰ። በ1988 ደግሞ ግሪካዊው ካኔሎስ ካኔሎፑሎስ በ«ዴዳለስ» ከቀርጤስ ወደ ሳንቶሪኒ 115 ኪሎሜትር በረረ። ሆኖም ከጠረፉ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት የንፋስ ግፊት አውሮፕላኑን ሰበረው፤ አብራሪውም ዋኝቶ ወጣ።

ይህ ሒሳብ ወደ አገራችን ደጋ ሲመጣ ይከብዳል። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለዚያው አውሮፕላን የሚያስፈልገው ኃይል በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኦክሲጅን ያነሰው አብራሪ ግን የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም ለሙከራ የሚመረጠው ቆላ ሜዳና ንፋስ ያልተነሣበት ማለዳ ነው።

እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው። በሰው ጉልበት መብረር ይቻላል፤ በቤት በተሠራ አውሮፕላንም ይቻላል፤ ለመጓጓዣነት ግን አይሆንም፤ ቀላል ነፋሻ እንኳ ያሸንፈዋልና። ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ከበረራው ይልቃል። ፍጹም የሆነ ንድፍ በወረቀት ላይ እስኪገኝ ከመጠበቅ፣ ቢወድቅ የማይገድል፣ ቢሰበርም በማግስቱ የሚጠገን መሣሪያ ሠርቶ ደጋግሞ መሞከር ይበልጣል።