መኪናው ወንበራችንን ይወስድብን ይሆን?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ለመናገር የተነሣንበት ጉዳይ በምግብ አዳራሹም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍም፣ በየመኝታ ክፍላችንም ሌት ተቀን የሚነሣ ጥያቄ ነው። ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ የኮምፒዩተር ጥበብ የሰውን ሥራ ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለው ነው። ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በሚመጣው ዓመት ዲግሪያቸውን ተቀብለው ሥራ ፍለጋ በየመሥሪያ ቤቱ በር ይቆማሉ፤ የሚቀመጡበት ወንበር ይቈያቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የጎዳናውን ወሬ ትተን በተፈጸሙ ነገሮች ላይ ቆመን ልንመረምረው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናዘዝ። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት በተሰበሰብንበት ማታ ከመካከላችን አንዱ «እኛ ከምንደክም ራሱን መኪናውን ለምን አናስጽፈውም?» አለ። ሣቅን፤ ነገር ግን አስጻፍነው። ብዙ ሳይቈይ ንግግሩ ተጽፎ ቀረበ። አማርኛው እዚህም እዚያም ቢያነክስም ሥርዐቱን የጠበቀ ነበር። ጥቅሙን በአንድ ወገን፣ ጕዳቱን በሌላ ወገን ደርድሮ፣ ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ይሁን ብሎ ደመደመ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን፤ ሌሊቱን ከመድከም ድነናልና። በማግሥቱ ስናነበው ግን፣ ከመካከላችን «ይህን ሐሳብ አምንበታለሁ፤ ቢጠይቁኝም እመልሳለሁ» የሚል አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን እንደገና ጀመርን። አሁን የምትሰሙት በኋላ የጻፍነውን ነው። ወደዚህች ትንሽ ታሪክ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ስለ ጉዳዩ የሚናገሩት ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው እናገኛቸዋለን። አንደኛው ወገን የሰው ሥራ ሊያልቅ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ሥጋቱ ከንቱ ነው ይላል። ሁለቱም ቍጥር ይጠቅሳሉ። በ2013 ፍሬይና ኦስቦርን የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ በአሜሪካ ካለው ሥራ 47 በመቶ የሚሆነው በኮምፒዩተር ለመተካት እጅግ የተጋለጠ ነው ሲሉ ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2016 ለበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት የቀረበ ሌላ ጥናት ደግሞ ቍጥሩን ወደ 9 በመቶ አወረደው። አገሪቱ አንዲት ሆና ሳለ ቍጥሩ ይህን ያህል የተራራቀው ስለምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ ምሁራን እያንዳንዱን ሙያ በጅምላ ሲመዝኑ፣ የኋለኞቹ ግን በሙያው ውስጥ ሰው በየቀኑ የሚያደርጋቸውን ልዩ ልዩ ተግባራት እየነጣጠሉ ስለ መዘኑ ነው።

ከዚህ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሥራ ማለት እንደ ጭድ እስር ነው፤ ብዙ ተግባራት አንድ ላይ ታስረውበታል። መኪና እስሩን በሙሉ አንሥቶ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከእስሩ ውስጥ አንዳንዱን ዘለላ ይመዛል። የባንክ ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ገንዘብ የሚከፍል መኪና በሎንዶን ከተማ በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ የገንዘብ ከፋዮች ዕድሜ ያጠረ መስሎ ነበር። በአሜሪካ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1988 በአንድ የከተማ ቅርንጫፍ 20 ያህል ገንዘብ ከፋዮች ይሠሩ የነበሩት፣ በ2004 ወደ 13 ወረዱ፤ ይሁን እንጂ ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚጠይቀው ወጪ ስለ ቀነሰ ባንኮቹ ብዙ አዳዲስ ቅርንጫፎችን ከፈቱ፤ የገንዘብ ከፋዮቹም ጠቅላላ ቍጥር ለረጅም ዘመን ሳይወርድ ቈየ። መውረድ የጀመረው ሕዝቡ ባንኩን በእጅ ስልኩ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲህ ነው። እንዲሁም በ2016 ጄፍሪ ሂንተን የተባሉት ታላቅ የኮምፒዩተር ሊቅ፣ የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን አሁኑኑ ማቆም ይገባል ብለው ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ መኪናውም ራጅ ማንበብ ተማረ፤ ሆስፒታሎች ግን እስካሁን የራጅ ሐኪም አነሰን ይላሉ እንጂ ተረፈን አላሉም።

እንግዲህ ሥጋቱ ከንቱ ነው ለሚሉት እንፍረድላቸውን? ከመፍረዳችን በፊት የቴሌፎኒስቶችን ታሪክ እንስማ።

ቀድሞ በአሜሪካ ስልክ የሚደውል ሰው የሚያገኘው የሰው ድምፅ ነበር። ከጠረጴዛው ፊት የተቀመጠች ወጣት ሴት ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ በሌላው እየሰካች ሰዎችን ታገናኝ ነበር። በ1891 አልመን ስትሮውጀር የተባለ የአስከሬን ቀባሪ ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ መሣሪያ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ትልቁ የስልክ ኩባንያም ከ1919 ጀምሮ በየከተማው መሣሪያውን ተከለ። በዚያ ዘመን ይህ ሥራ ለወጣት ሴቶች ከዋና ዋናዎቹ የእንጀራ በሮች አንዱ ነበር። ታዲያ በሩ ሲዘጋ ምን ሆኑ? ፋይገንባውምና ግሮስ የተባሉ ሁለት ምሁራን የሕዝብ ቈጠራውን መዝገብ አገላብጠው ሁለት ነገር አገኙ። በኋላ ያደጉት ወጣት ሴቶች በጸሐፊነትና በምግብ ቤት ሥራ ሌላ በር አገኙ፤ በጠቅላላው ሲታይ የሥራቸው ዕድል አልቀነሰም። በዚያ ሰዓት በወንበሩ ላይ የነበሩት ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ሥራ አጥተው ወይም ወደ ዝቅተኛ ደመወዝ ወርደው ተገኙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አገር በጠቅላላው ተጠቀመ፤ ዕዳውን ግን የከፈሉት በወንበሩ ላይ የነበሩት ናቸው። «በመጨረሻ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው ቃል ለታሪክ መጽሐፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የቤት ኪራይ ለምትከፍለዋ ሴት ግን እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ መኪናው ሥራ ይወስዳል ወይ ብለን ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሲወስድ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ጥያቄው ይቀናል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፣ መኪናው የገባው ከፋብሪካው ይልቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ደብዳቤ ያረቅቃል፤ ይተረጕማል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ ረጅሙን ሪፖርት ያሳጥራል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ እነዚህ ሁሉ ለጀማሪ የሚሰጡ ተግባራት ናቸው። በ2023 የወጣ ጥናት ከ5,000 የሚበልጡ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን መርምሮ፣ በመኪናው የታገዙት በአማካይ 14 በመቶ፣ ጀማሪዎቹ ደግሞ 34 በመቶ ያህል ብልጫ እንዳሳዩ ገለጠ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ መኪናው የነባሮቹን ብልሃት ለአዲሶቹ አካፍሏልና። ነገር ግን በ2025 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ለመኪናው እጅግ በተጋለጡት ሙያዎች ውስጥ ከ22 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው አሜሪካውያን ቅጥር ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ መውረዱን አመለከተ። በዚያው ሙያ ያሉ ነባሮች ግን ወንበራቸውን አላጡም። ዕድሜውን ልብ በሉ፤ የእኛው ዕድሜ ነው!

አደጋው ከደመወዝ ማጣት የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው። የአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዐት ይህን ከማንም አብልጦ ያስረዳናል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እየቈጠረ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም የጐበጠውን ያቃናለታል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ከመወድስ ይደርሳል። መምህሩ የተማሪውን ጉባኤ ቃና የሚሰሙት እርሳቸው ቅኔ አጥተው አይደለም። ተማሪው ያን ያልተቃና ቅኔ ሳይቈጥር ባለ ቅኔ ሊሆን ስለማይችል ነው። እንግዲህ «ጉባኤ ቃናውን መኪና ይቊጠረው፤ እኛ የምንፈልገው መወድስ የሚያውቅ ሰው ነው» የሚል መሥሪያ ቤት ቢነሣ፣ ዛሬ ያሉት ሊቃውንት ሲያረጁ በእግራቸው የሚተካው ሰው ከየት ይመጣል? የታችኛውን መወጣጫ የነቀለ ሰው የላይኛውን እርከን ለማንም አላቈየም።

አንዳንዶች «ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» ይሉናል። በእርግጥም የዓለም የሥራ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በሀብታሞቹ አገሮች ካለው ሥራ 5.5 በመቶ ያህሉ በዚህ መኪና ሊተካ ሲችል፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 0.4 በመቶው ብቻ እንደሆነ ተገምቷል። አብዛኛው ሕዝብ በሬ ጠምዶ በሚያርስበት አገር መኪናው የሚወስደው ወንበር ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ያቺ ጥቂት ወንበር የማን ናት? ገበሬ አባትና ነጋዴ እናት ልጃቸው እንዲቀመጥባት ብለው ጥሪታቸውን የጨረሱባት ወንበር ናት። ለአገር ጥቂት የሆነው ነገር ለአንድ ቤተሰብ ሁሉ ነገር ሊሆን ይችላል።

ደግሞም መኪናው የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን የሚያመጣውን ሥራ ዐይነትም እንመልከት። በ2023 ጋዜጦች እንደገለጡት፣ በጎረቤታችን በናይሮቢ ወጣቶች በሰዓት ከ2 ዶላር ባነሰ ክፍያ እጅግ አስጸያፊ ጽሑፍ እያነበቡ፣ መኪናው ክፉውን ከደጉ እንዲለይ ያስተምሩት ነበር። መኪናው ብቻውን ዐዋቂ የሆነ የሚመስለን የእነዚህ ሰዎች ድካም ስለማይታየን ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚመጣ ነውን? አይደለም። በ1812 የእንግሊዝ ፓርላማ የሹራብ መሥሪያ መኪና የሚሰብሩትን ሠራተኞች በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ፤ ያ የሰው ውሳኔ ነበር። በ2023 የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራስያን ማኅበር 148 ቀን ሥራ አቁሞ ከቈየ በኋላ፣ መኪና ደራሲ ተብሎ እንዳይቈጠር፣ ደራሲም መኪናውን በግድ እንዲጠቀም እንዳይታዘዝ በውል አስፈረመ፤ ይህም የሰው ውሳኔ ነው። ደራስያኑ መኪናውን አልሰበሩም፤ ስለ አጠቃቀሙ ግን ቃላቸው እንዲሰማ አደረጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

መጀመሪያ ለራሳችን ለተማሪዎቹ እንናገራለን። ጀማሪነታችንን አንሽጥ። መኪናውን ጨርሶ አትንኩ የሚል ምክር የለንም፤ ራሳችንም ነክተነዋል። ነገር ግን እንደ ቅኔ ተማሪው አስቀድመን የራሳችንን እንቊጠር፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ጕድለታችንን ቢያሳየን ነውር የለበትም። መኪናው የጻፈለትን አንብቦ ሳያምንበት ስሙን ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ፣ ሌላ ሰው ሳያባርረው ገና ዛሬ በራሱ ፈቃድ ከወንበሩ ተነሥቷል።

ሁለተኛ፣ ክቡራን መምህራኖቻችን ይፍቀዱልን። የጻፍነውን ወረቀት ብቻ ተቀብላችሁ አትሸኙን። አቁማችሁ ጠይቁን፤ ከየት አመጣኸው፣ ለምንስ ታምንበታለህ በሉን። እንጨነቃለን፤ እናልብም ይሆናል፤ ነገር ግን ለወደፊቱ ዋጋ የሚኖረው ይኸው ለቃሉ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፣ ለቀጣሪዎችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። መኪናውን ስታስገቡ የጀማሪውን ወንበር አታንሡ፤ ጀማሪውን ከመኪናው ጎን አስቀምጡና ሥራውን እየመረመረ ይማር። በወንበሩ ላይ ላሉትም ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መኪናው ከመግባቱ በፊት ሌላ ሙያ የሚማሩበትን ጊዜና ገንዘብ መድቡላቸው። ማኅበራችንም ይህን ጉዳይ እንደ ራሱ ጉዳይ ይዞ በየጉባኤው ያንሣው።

ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። መኪናው ብዙ ተግባሮችን ይወስዳል፤ አንዳንድ ሙያዎችንም ጨርሶ ያጠፋል፤ ሌሎችንም ይወልዳል። የመጀመሪያው ዕዳ በጀማሪውና በዝምተኛው ላይ እንዳይወድቅ መከላከል ግን የእኛ የሰዎቹ ሥራ ነው፤ እርሱን መኪናው አይሠራልንም።

በመጀመሪያ ወደ ነገርናችሁ ታሪክ እንመለስና እንፈጽም። መኪናው የጻፈው ንግግር ከዚህ ይልቅ የተስተካከለ ነበር። በዚህኛው ውስጥ ስሕተት ይኖራል፤ ምናልባትም የተሳሳተ ፍርድ ይገኝበታል። ነገር ግን ለያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የሚጠየቅ ሰው እዚህ በፊታችሁ ቆሟል። ጥያቄም ሆነ ተቃውሞ ያላችሁ ተነሡ፤ እንመልሳለን።